ዳውንታውን ዙህር የለም እንዴ?



አውሮራ ስንት ዓመት ኖርሽ? እኔ ስምንት ዓመት ኖሬ ዳውንታውን ዴንቨርን የማውቀው ከመኪና መስኮት ነበር። ሥራ፣ ቤት፣ መስጂድ፣ ሀቫና ጎዳና ላይ አስቤዛ፤ በቃ። ልጆቼ ግን ከትምህርት ቤት ጋር እየሄዱ ከተማውን ከእኔ በላይ አወቁት። አንድ ቅዳሜ «እማ፣ ነይ እናሳይሽ» አሉኝ።

ሄድን። ቀኑ ደስ ይል ነበር፤ አንድ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል። ዙህር ሲገባ የሰዉ ብዛት አስፈራኝ። «እዚህ መሀል እንዴት እሰግዳለሁ? ያዩናል፣ የሚናገረንም አይጠፋም» እያልኩ ሳቅማማ ዐስር ደረሰ። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ የዘጠኝ ዓመት ልጄ ዝቅ ባለ ድምፅ «እማ፣ ዳውንታውን ዙህር የለም እንዴ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቤት ገብቼ ቀዷ አወጣሁ፣ ተውበትም አደረግሁ፤ ጥያቄዋ ግን ከልቤ አልወጣም።

እህቴ፣ ልጆቻችን ዲናቸውን የሚማሩት ቁርኣን ሲቀሩ ብቻ አይደለም፤ እኛን እያዩም ነው። ሰው መሀል ስንገባ ሶላታችን ከጠፋ፣ እስልምና ቤት ውስጥ ብቻ የሚለበስ ልብስ ይመስላቸዋል። ነገ ትምህርት ቤት፣ ከነገ ወዲያ ሥራ ቦታ እነሱም ያንኑ ያደርጋሉ።

«ታዲያ ቤት መቀመጥ አይሻልም?» የምትይ ትኖሪያለሽ። እኔ አይሻልም ባይ ነኝ። አላህ በሱረቱል ዐንከቡት ምድር ላይ ሄደን ፍጥረትን እንዴት እንደጀመረ እንድንመለከት ያዘናል። ምድር ለነቢያችን ﷺ ኡመት መስገጃ መደረጓም በሐዲስ ተነግሮናል። ስለዚህ መውጣቱንም ሶላቱንም አንድ ላይ መያዝ እንችላለን። የሚያስፈልገው ቀኑን በሶላት ዙሪያ ማቀድ ነው።

እኛ አሁን እንዲህ እናደርጋለን። በሰመር ዴንቨር ላይ ዙህር የሚገባው ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ነው፤ በአገሩ አቆጣጠር 1 ሰዓት መሆኑ ነው። ጠዋት ቤት ውዱእ አድርገን፣ ሳምቡሳና ሻይ ይዘን በኮልፋክስ አውቶቡስ እንወጣለን። ዕድሜያቸው 19 እና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች በአርቲዲ አውቶቡስና ባቡር በነጻ ስለሚሳፈሩ ወጪው ቀላል ነው።

መጀመሪያ ጉልላቱ በወርቅ የተለበጠው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ጋ እንወርዳለን። ከደረጃዎቹ አንዱ ከባሕር ጠለል በላይ አንድ ማይል፣ ማለትም 1,609 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከዚህ በብዙ መቶ ሜትር እንደምትበልጥ ስነግራቸው ልጆቼ በጣም ኮሩ! ልኬቱ በተከለሰ ቁጥር ምልክቱ ሌላ ደረጃ ላይ ስለተደረገ ዛሬ ሦስት ቦታ ይገኛል፤ ልጆች ሦስቱንም መፈለግ ይወዳሉ። ከዚያ 12 ሜትር የሚረዝመውን ሰማያዊ ድብ እናያለን፤ የስብሰባ ማዕከሉን መስታወት ተደግፎ ወደ ውስጥ ያጮልቃል። ቀጥሎ በ16ኛው ጎዳና ነጻ አውቶቡስ እስከ ዩኒየን ስቴሽን እንሄድና ቼሪ ክሪክ ከሳውዝ ፕላት ወንዝ ወደሚገናኝበት ኮንፍሉዌንስ ፓርክ በእግራችን እንወርዳለን። ከተማዋ በ1858 የተጀመረችው በዚሁ አካባቢ ነው።

ዙህርን የምንሰግደው እዚያ ሣሩ ላይ ነው። ውዱእ ለሚያድስ ጠርሙስ ውሃ እንይዛለን። ቂብላው ከዚህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ተራሮቹ በምዕራብ ስለሆኑ ጀርባሽን ለእነሱ ስጪና በግራ በኩል ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዙሪ።

አልዋሽሽም፤ ሂጃቤን አይቶ ሰው የጮኸብኝ ቀን አለ። ስለዚህ ጥንቃቄ አይቅር። ከባልሽ ወይም ከእህቶችሽ ጋር ውጪ፣ ከመንገድ ራቅ ያለ ጥግ ምረጪ፣ ልጆቹን የሚጠብቅ እንዲኖር በየተራ ስገዱ። ፍርሃትሽ ግን ፈርድሽን አይውሰድብሽ።

ለሁለተኛ ጊዜ የሄድን ቀን መስገጃውን ያነጠፈችው ያቺው ልጄ ነበረች። ልቤ እየመታ «አላሁ አክበር» አልኩ። ውሻ የያዘች ሴት ገመዱን ሰብሰብ አድርጋ በዳር አለፈች። የሆነው ያ ብቻ ነው። ለአንድ ዓመት ሙሉ የፈራሁት ይህንን ነበር!

ሳሰላምት ልጄ ከጎኔ ሰግዳ ጨርሳ ውሃውን ታያለች። ጥያቄዋን ድጋሚ አልጠየቀችኝም፤ መልሱን አግኝታለች ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ያለሽበትን ከተማ፣ ዴንቨርም ይሁን ሌላ፣ ልጆችሽን ይዘሽ ውጪና እይ። መስገጃሽን ቦርሳሽ ውስጥ መክተት አትርሺ። አላህ እኛንም ዝርያዎቻችንንም ሶላትን ከሚያቋቁሙት ያድርገን። አሚን።