ያረጀ የብረት ድልድይ ምን ይሁን?

የብረት ድልድይ አርጅቶ የመኪና ወይም የባቡር ጭነት መሸከም ሲሳነው፣ «ፈርሶ ብረቱ ይሸጥ» የሚሉ ጥቂት አይደሉም። እኔ በዚህ አሳብ አልስማማም።

በመጀመሪያ አሠራሩን ተመልከቱ። አራት እንጨቶችን በአራት ማዕዘን ቅርፅ፣ በየጫፋቸው በአንዳንድ ምስማር አያይዛችሁ ከጎን ብትገፏቸው ወዲያው ይንጋደዳሉ። ሦስት እንጨቶች በሦስት ማዕዘን ቢያያዙ ግን ካልተሰበሩ በቀር ቅርፃቸውን አይለቁም። የቀድሞ መሐንዲሶች ብረቶችን በተከታታይ ሦስት ማዕዘኖች የገጣጠሙት ስለዚህ ነው፤ ከፊሎቹ እየተጨመቁ፣ ከፊሎቹ እየተሳቡ ጭነቱን ተቀባብለው ወደ ወንዙ ዳርና ዳር ያደርሱታል። እንዲህ ያለ ድልድይ ለባቡር ባይበቃ ለእግረኛ ሊበቃ ይችላል።

በአሜሪካ፣ በቻታኑጋ ከተማ ያለው የዋልነት መንገድ ድልድይ ለዚህ ምስክር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1891 የተከፈተው ይህ ድልድይ በ1978 ለተሽከርካሪ ተዘጋ፤ ሊፈርስም ታስቦ ነበር። ዜጎች ስለተከራከሩለት ታድሶ በ1993 ለእግረኞች ተከፈተ። ይሁን እንጂ የያዘው ትዝታ መልካም ብቻ አይደለም። በ1906 ኤድ ጆንሰን የተባለውን ጥቁር ሰው፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን አግዶለት ሳለ፣ ዐመፀኞች ከእስር ቤት አውጥተው የሰቀሉት በዚሁ ድልድይ ላይ ነው። በ2021 በድልድዩ አጠገብ መታሰቢያ ቆመለት። ድልድዩ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ መታሰቢያው የት ይቆም ነበር?

ወደ አገራችን እንመለስ። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ በ1895፣ አዲስ አበባ በ1909 ዓ.ም. ደረሰ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ የአሮጌው መስመር ድልድዮች ነገር ብዙም አይነሣም። በዚያው መስመር ላይ በጥር 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ ባቡር ከድልድይ ወደ ገደል ወድቆ ከ400 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ይህን የሚያህል ሐዘን ያየ መስመር በኪሎ ተመዝኖ ሊሸጥ ይገባዋልን?

«ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ይዋል» የሚል ይኖራል። በአስኮም ሆነ በገጠር፣ ክረምት ወንዝ ሲሞላ መሻገሪያ ያጣ ሰው ግን የእግረኛ ድልድይን እንደ ጌጥ አይቆጥረውም። እርግጥ ነው፣ የተተወ ድልድይ ላይ ዝም ብሎ መራመድ አደገኛ ነው። አስቀድሞ መሐንዲስ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ይመርምር፤ ዝገቱ ተፍቆ ቀለም ይቀባ፤ ጠንካራ የእንጨት ርብራብ ይነጠፍ፤ ግራና ቀኙም ሕፃን በማያሾልክ መደገፊያ ይታጠር።