ስለ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ፈተናና ስለ ፈታኞች ሚዛን

ሰውን ለሥራ መምረጥ ፍርድ ነው። ፍርድም ሚዛን ከሌለው የፈራጁ ፈቃድ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በዛሬ ዘመን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጸሐፊዎችን ለመቅጠር የተለመደው ፈተና ነው። ይኸውም አመልካቹ አንድ ሥራ ተሰጥቶት በቤቱ ጽፎ ይመልሳል፤ የቀጣሪው ባለሙያዎችም ተመልክተው ይበቃል ወይም አይበቃም ይላሉ።

የፈተናው አሳብ መልካም ነው፤ ሰው በአፉ ከሚናገረው ይልቅ በእጁ የሠራው ይመሰክርለታልና። ችግሩ ያለው ከፈታኙ ዘንድ ነው። ሁለት ወጣቶች የአንድ ሱቅ ገቢና ወጪ የሚደምር ፕሮግራም ጻፉ እንበል። የሁለቱም ድምር ትክክል ነው። አንደኛው ሁሉን አሳጥሮ በአንድ ገጽ ጻፈ፤ ሁለተኛው ሥራው ወደ ፊት ይሰፋ ይሆናል ብሎ በብዙ ክፍል ከፋፈለው። የፊተኛውን አንዱ ፈታኝ «ግልጥ ነው» ሲለው ሌላው «ቸልተኛ ነው» ይለዋል፤ የኋለኛውንም አንዱ «አርቆ አሳቢ» ሲለው ሌላው «ነገር አብዢ» ይለዋል። አጭር ይሁን ወይም ሰፊ ይሁን ብሎ አስቀድሞ የነገራቸው ግን የለም። እንግዲህ ወጣቱ ስንት ሌሊት ያለ ዋጋ ደክሞ ሲያበቃ፥ ማለፉና መውደቁ ሥራው በማን እጅ እንደ ገባ ይሆናል።

ይህ ነገር አዲስ አይደለም። በአሜሪካ አገር በ1912 እ.ኤ.አ. ስታርችና ኤሊዮት የተባሉ ሁለት ሊቃውንት አንድን የእንግሊዝኛ ፈተና ወረቀት 142 መምህራን ለየብቻቸው ቢያርሙት፥ ማርኩ ከ64 እስከ 98 ተራራቀ። የቋንቋ ነገር ስለ ሆነ ነው እንዳይባል፥ በማግሥቱ ዓመት የጂኦሜትሪ ወረቀት ቢያሳርሙ ልዩነቱ ይብሱን ሰፋ፤ ከ30 በታች የሰጠም ከ90 በላይ የሰጠም ተገኘ።

የቅኔ መምህር ተማሪውን «ቤቱ አልመታም» ቢለው ተማሪው ጥፋቱን ዐውቆ ያርማል፤ «አልጣመኝም» ብቻ ቢለው ግን ምን ይማራል? ጥፋትና አለመጣም ልዩ ልዩ ናቸው። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣው ጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሠሪዎች ይህን ስለ ተረዱ፥ ስለ መስመር አጣጣል የሚነሣውን ክርክር ለማስቀረት የሁሉንም አጻጻፍ በአንድ ደንብ የሚያስተካክል መሣሪያ ሠሩ። በደንብ የሚያልቀው በደንብ ካለቀ፥ የባለሙያው ዐይን ለከባዱ ነገር ይተርፋል።

በአገራችንም በ2016 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር አምስት ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንን ይህን ጥበብ የማስተማር ሥራ ስለ ተዠመረ፥ በዚህ ፈተና ፊት የሚቆሙት የገዛ ልጆቻችን ናቸው። ስለዚህ ቀጣሪ ሁሉ፥ የመንግሥት መሥሪያ ቤትም ቢሆን፥ የሚመዝንበትን ነገር ሥራውን ከማየቱ በፊት ይጻፍ፤ ለተፈታኙም ያስታውቅ። የሚፈጀውን ሰዓት ይወስን። ሁለት ፈታኞች የተፈታኙን ስም ሳያዩ ለየብቻቸው ማርክ ይስጡ፤ የተለያዩ እንደ ሆነ ምክንያታቸውን ያስረዱ። የወደቀውም ስለ ምን እንደ ወደቀ ይነገረው።

የሰው ፍርድ ከስሕተት ፈጽሞ አይነጻም፤ የሊቅ ዐይንም ይቅር አንልም። ነገር ግን ምክንያቱን መናገር የማይችል ፈታኝ፥ የተፈተነው እርሱ ራሱ መሆኑን ይወቅ።