ዋት አንገዛም፣ ቃና እንገዛለን

ኤሌክትሪክ ጊታር የገዛ ወጣት አምፕሊፋየር ፍለጋ ሲወጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ስንት ዋት ነው?» ሻጩም ቁጥሩ ተለቅ ካለ በኩራት ይመልሳል። እኛ ግን ይህ ጥያቄ የመድረክ እንጂ የመኝታ ቤት ጥያቄ አይደለም እንላለን።

ሒሳቡን እንየው። የአምፕሊፋየር ኃይል በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሯችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ 10 እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት። ስለዚህ ባለ 10 ዋቱ የባለ 100 ዋቱን ግማሽ ያህል ይጮኻል ማለት ነው። ይህ በኮንዶሚኒየም ግድግዳ በኩል ምን እንደሚመስል ጎረቤቶቻችሁን ጠይቁ! እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ይሠራ የነበረው ፌንደር ቻምፕ 5 ዋት ገደማ ኃይል፣ ባለ 8 ኢንች ስፒከርና አንድ የቮሊዩም ማዞሪያ ብቻ ነበረው። ለጀማሪ የተሠራ ነበር፤ ዛሬም ግን ስቱዲዮ ውስጥ ይፈለጋል።

ታዲያ ምኑን እንይ? ንጹሑን ድምፅ። ሱቅ ገብተን ብዙዎቻችን የምንሮጠው ወደ ዲስቶርሽኑ ነው። ዲስቶርሽን ደግሞ ብዙ ኃጢአት ይሸፍናል፤ የአምፕሊፋየሩንም የተጫዋቹንም። ኤፌክቱን ሁሉ አጥፉና ትዝታን በቀስታ ተጫወቱ። ቅኝቱ 5 ድምፆች ብቻ ስላሉት መደበቂያ የለውም። ክሩን ለስለስ አድርጋችሁ ስትመቱ ለስለስ፣ ጠንከር ስታደርጉ ጠንከር የሚል ከሆነ ቃና አለው። ካርቶን ውስጥ እንደታፈነ ሬዲዮ ከተሰማችሁ ግን 50 ዓይነት ኤፌክት ቢደረደርለትም አያድነውም።

ስትሞክሩት ቮሊዩሙ ቤታችሁ በምትጫወቱበት ልክ ይሁን። ጆሯችን ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ አሳንሶ ይሰማል። ሱቅ ውስጥ ሲያስገመግም ያማረው ቤት ሲገባ የሚሳሳው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። ቤዙንና ትሬብሉን በትንሹ ከፍ ማድረግ ይረዳል።

የመብራት ነገርም አለ። አሜሪካ ያለች አክስት የላከችው አምፕሊፋየር ለ120 ቮልት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የእኛ ሶኬት 220 ነው። ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ሰላም ነው፤ 120 ብቻ ከሆነ ግን ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ አለበለዚያ የአክስት ስጦታ ጭስ ይሆናል። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር በባትሪ ድንጋይ የሚሠራም አለ። የሮላንዱ ማይክሮ ኪዩብ መጀመሪያ ሲወጣ 2 ዋት ነበር፤ 6 ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ከተደረገለት ጨለማ ውስጥም ያዜማል።

«ጣትን የሚያሠለጥነው ልምምድ እንጂ አምፕሊፋየር አይደለም» ትሉን ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን ለመለማመድ ጊታሩን ማንሳት ይቀድማል። ስንት ወር ተቆጥቦ የተገዛ ጊታር አልጋ ሥር የሚቀረው ሁልጊዜ ጣት ስለታመመ አይደለም፤ የሚወጣው ድምፅ ባለቤቱን ስላስጠላው ጭምር ነው። እናም ሱቁ ውስጥ ስለ ዋቱ ከመጠየቃችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን ድምፅ ነገም መስማት እፈልጋለሁ?