የጤፍ ንጽሕናና የነጋዴው ኀላፊነት

በከሚሴ ገበያ ጤፍ ሲሸጥ ገዢው አስቀድሞ የሚመለከተው ንጣቱን፣ ከአፈርና ከጠጠር መጽዳቱን፣ ከዚያም ዋጋውን ነው። ስንዴ ወይም ገብስ ገብቶበት እንደ ሆነ አጥብቆ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው፤ ለጤነኛ ሰው ጉዳት የለውምና። ሴሊያክ የተባለው ሕመም ያለበት ሰው ግን በዚህ ቸልተኝነት ዕለት ዕለት ይጎዳል።

ይኸውም በስንዴ፣ በገብስና በመሰሎቻቸው ውስጥ ግሉተን የሚባለው ነገር በገባ ቍጥር የበሽተኛው ሰውነት የራሱን ቀጭን አንጀት ስለሚያቈስል ነው። ምግቡ ሳይጠቅመው ያልፋል፤ ደም ያንሰዋል፤ ሕፃን እንደ ሆነም እድገቱ ይገታል። የሆላንዱ የሕፃናት ሐኪም ቪለም ዲኬ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ አገሩ እንጀራ ባጣች ጊዜ በሽተኞቹ ሕፃናት ሲያገግሙ፣ ዳቦ ሲመለስ ሕመሙ ሲመለስባቸው ማየቱ የቀድሞ ግምቱን አጠናክሮለት ነገሩን በ1950 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አስረዳ። እስከ ዛሬም ፍቱን መድኀኒቱ ዕድሜ ልክ ከነዚህ እህሎች መታቀብ ነው።

እንግዲህ ይህ ሕመም እንዳለበት ሐኪም የነገረው የከሚሴ ሰው ከአውሮፓዊው ይልቅ ዕድለኛ ይመስላል። ጤፍም ማሽላም ማሾም ግሉተን የለባቸውም፤ ሌላው በውድ ዋጋ የሚፈልገው ለእርሱ የዘወትር ምግቡ ነው። ዳቦውን፣ መኮሮኒውን፣ በሶውን፣ የረመዳንንም ሳምቡሳ አይቶ ሊተው ይችላል፤ ዘመድ ቢቀየምም ይታገሠዋል። የማያየውን ግን እንዴት ይተወዋል? ወፍጮው ስንዴ ከፈጨ በኋላ ሳይጠረግ ጤፉን ይቀበላል፤ ጤፉ የስንዴ ዱቄት በነበረበት ጆንያ ይሞላል፤ እንጀራ ሻጯም ገብስ ከገባበት ሊጥ የተረፈውን እርሾ ትጨምራለች።

መቀላቀል ሁሉ ማጭበርበር ነው ማለት ግን አይደለም። ጤፍን ከማሽላ ቀላቅሎ መጋገር የቈየ ልማድ ነው፤ ይህንም በሽተኛ አይጎዳውም። ነውሩ ገብስና ስንዴ የገባበትን «ጤፍ» ብሎ መሸጥ ነው።

ለጥቂት ሰዎች ሲባል ልዩ ወፍጮ አይተከልም የሚል ነጋዴ ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ልዩ ወፍጮ የጠየቀው የለም። ወፍጮው በሚገባ ተጠርጎ ከሳምንቱ አንድ ቀን ለጤፍና ለማሽላ ብቻ ቢለይ፣ መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄትም ለብቻው ቢቀመጥ፣ ምልክት ያለባቸው ጆንያዎችም ቢዘጋጁ ወጪው ከባድ አይሆንም። የተቀላቀለውንም የተቀላቀለ ብሎ በዋጋው መሸጥ ማንንም አያከስርም።

ወደ ውጭ ለሚልኩት ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ነው። በ1998 ዓ.ም. ጥሬ ጤፍ ከአገር እንዳይወጣ ሲከለከል የተጋገረ እንጀራ አልተከለከለም ነበር። በባሕር ማዶ ጤፍን ከሚፈልጉት ብዙዎቹ ግሉተን የሚሸሹ ናቸው። ኮዴክስ የተባለው የዓለም የምግብ ደረጃ፣ ከግሉተን ነጻ ነው ለሚባል ምግብ በአንድ ኪሎ ከ20 ሚሊግራም በላይ አይፈቅድም። ጥቂት ፍሬ ገብስ ይህን ልክ ያሳልፋል። እንጀራው በውጭ አገር ሲመረመር ጕድለት ቢገኝበት፣ ጥፋቱ ከላኪው መጋዘን ሳይሆን ከሰንበቴ ወይም ከባቲ ገበያ ከተነሣው ጆንያ ሊሆን ይችላል፤ ካሣውን የሚከፍለው ግን ላኪው ነው። ስለዚህ ላኪው ጤፉን ሲገዛ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ምን እንደተፈጨበትና በምን እንደተጫነ ጭምር ይጠይቅ፤ ለይቶ ላቀረበለትም ጭማሪ ይክፈል።