ደመራ የፀሐይ አምልኮ ነውን?

ክረምቱ አልፎ መስከረም በጠባ ቁጥር፥ የመስቀል ደመራ የጥንቱ የፀሐይ አምልኮ ትራፊ ነው የሚሉ ሰዎች አይጠፉም። ማስረጃ የሚያደርጉትም የሌሎችን አገሮች ልማድ ነው። በኢራን ከኖሩዝ በፊት ባለው በመጨረሻው ማክሰኞ ማታ ሰዎች በእሳት ላይ ይዘላሉ፤ በቡልጋሪያ ኤንዮቭደን በተባለው የበጋ በዓል ማለዳ የፀሐይን መውጣት ይጠባበቃሉ፥ በጤዛም ይታጠባሉ። ኢትዮጵያም ችቦ ታበራለችና ነገሩ አንድ ነው ይላሉ።

በኢትዮጵያ ፀሐይ ከቶ አልተመለከችም ብሎ መከራከር አይገባም። ክብረ ነገሥት ራሱ ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን ከመሄዷ በፊት ፀሐይን ታመልክ እንደ ነበር ሳይሸሽግ ይተርካል። ከፈይፋ ተራሮች በስተደቡብ ምሥራቅ፥ በየመን ባለው በሳባ ምድርም ፀሐይ ሸምስ ተብላ ትመለክ ነበር። የአክሱም ነገሥታት በገንዘባቸው ላይ የክበብና የጨረቃ ምልክት ያስቀርጹ ነበር። በ4ኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና በክርስቶስ ባመነ ጊዜ ግን ያ ምልክት ተነሥቶ በስፍራው መስቀል ተተካ። እንግዲህ ገንዘቡ የሚመሰክረው የአሮጌውን አምልኮ መቀጠል ሳይሆን መሻሩን ነው።

ደመራም የሚለኮሰው ንግሥት እሌኒ በዕጣኑ ጢስ ተመርታ ቅዱስ መስቀሉን ማግኘቷን ለማሰብ ነው። ለነበልባሉ የሚሰግድ ካህን የለም፤ ምእመናንም በአመዱ በግንባራቸው የሚያመለክቱት መስቀልን ነው።

ነገር ግን ነቃፊዎቹን የሚያበረታታ አንድ ጥፋት በቤት ውስጥ አለ። ይኸውም ደመራው ወደ የት ወደቀ እያሉ የዓመቱን ጥጋብ ወይም ጦርነት ማሟረት ነው። ዘመንን የሚያቀዳጀው እግዚአብሔር ሆኖ ሳለ ከሚነድ እንጨት ትንቢት የሚጠብቅ ሰው፥ መስቀሉን በአፉ እያከበረ በልቡ ወደ ፍጡር ይመለሳል። ነቃፊው በውጭ ከሚናገረው ይልቅ ይህ በዓሉን ያጎድፋል።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በራእይ ያያቸው 25 ያህል ሰዎች ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው ለፀሐይ ይሰግዱ ነበር። መነኩሴውም ተሳላሚውም ዛሬ የሚጸልዩት ወደዚያው ወደ ምሥራቅ ዞረው ነው። ልዩነቱ ከአቅጣጫው አይደለም፤ እነዚያ ጀርባቸውን ለቤተ መቅደስ ሰጥተው ነበር። ስለዚህ በደመራው ዙሪያ የሚቆም ሁሉ እሳቱ የሚወድቅበትን ስፍራ ከመመርመር ይልቅ ጀርባውን ለማን እንደ ሰጠ ይመርምር።