ፑንቲናና ካንዴላን በቤት ስለ መንከባከብ

መኪና ያለው ሰው ሁሉ መካኒክ ይሁን አልልም። ነገር ግን ካንዴላ አውጥቶ ማየት፣ የፑንቲናንም ክፍተት መለካት የማይችል ባለመኪና በገንዘቡ ላይ የሚያዝበት ሌላ ሰው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በከተሞቻችን ጎዳና ዛሬም የምታዩትን አሮጌ ቮልስዋገን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። ፋብሪካው ይህን ዓይነት መኪና መሥራቱን እ.ኤ.አ. በ2003 ሜክሲኮ ውስጥ ቢያቆምም ብዙዎቹ ገና ከአገልግሎት አልወጡም። የባትሪው ኃይል 6 ወይም 12 ቮልት ብቻ ነው። ፑንቲናው ተከፍቶ ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ ባቋረጠ ቁጥር ግን ከቦቢናው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቮልት ይወጣል። ዲስትሪቢዩተሩ ይህን ኃይል ለአራቱ ካንዴላዎች በየተራ ያድላል፤ በካንዴላውም ጫፍ ላይ ብልጭታ ተፈጥሮ ቤንዚኑን ያቀጣጥላል። የፑንቲናው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ሊሆን ይገባል። ፊቱ ሲቃጠል ወይም ክፍተቱ ሲዛባ ብልጭታው ይደክማል፤ መኪናውም ዳገት ላይ ይለግማል።

እኔ ይህን የተማርሁት ገንዘብ ከስክሼ ነው። አስተማሪ በነበርሁበት ጊዜ፣ በአንድ የክረምት ጠዋት፣ መኪናዬ አልነሣ አለች። የጠራሁት መካኒክ «ቦቢናው ተቃጥሏል» አለኝ፤ አዲስ ተገዛ። በማግስቱ ዝናብ ሲጥል እንደገና አልነሣ አለች። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ባነሣው ውስጡ ረጥቦ አገኘሁት። በደረቅ ጨርቅ ወለወልሁት፤ ተነሣች። አሮጌውን ቦቢና መልሼ ባስገባው እሱም ደኅና ሠራ። መካኒኩ አታለለኝ ለማለት አልደፍርም፤ ነገር ግን ፍርዱን ልመረምር የምችልበት እውቀት አልነበረኝም።

«እጄን ግራሶ ላስነካ?» የሚል አይጠፋም። ይህ የእጅ ሥራን የመናቅ አሮጌ ልማዳችን ቅሪት ስለ ሆነ አልከራከረውም። ያልሠለጠነ እጅ ያበላሻል የሚለው መቃወሚያ ግን እውነትነት አለው። ካንዴላ በጋለ ሞተር ላይ ሲፈታ የአሉሚንየሙ ጥርስ ሊላጥ ይችላል። ስለዚህ ሞተሩ እስኪበርድ ታገሡ፤ ስትመልሱትም መጀመሪያ በጣታችሁ አስገቡት። ሞተሩ እየሠራ የካንዴላ ገመድ አትንኩ። የብልጭታውን ጊዜ ማስተካከልና ፑንቲና የሌላቸውን የዘመኑን መኪናዎች የኤሌክትሮኒክ ክፍል መመርመር መሣሪያ ላለው ባለሙያ ይተው።

ያወጣችሁትን ካንዴላ ግን ሳትመለከቱ አትጣሉት። ጫፉ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ በደኅና ይሠራል። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ብዙውን ጊዜ ቤንዚን በዝቶበታል። ዘይት ካራሰው ግን ችግሩ ከካንዴላው ያለፈ ነውና ያን ጊዜ ወደ ጋራዥ ውሰዱት።