የት እንደ ነበረ ያልተጠየቀ ወንጌል

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 2012 የሃርቫርድ የነገረ መለኮት ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ካረን ኪንግ፣ ሮም በተካሄደ ዓለም አቀፍ የቅብጥ ጥናት ጉባኤ ላይ አንዲት የፓፒረስ ቁራጭ ይፋ አደረጉ። መጠኗ ከቢዝነስ ካርድ እምብዛም አይበልጥም። በቅብጥ ቋንቋ ከተጻፉት ጎዶሎ መስመሮቿ በአንዱ ላይ ኢየሱስ «ሚስቴ» እያለ ሲናገር ይነበባል። ፕሮፌሰሯ ቁራጯ ኢየሱስ ማግባቱን አታስረዳም ብለው በግልጽ ተናግረዋል፤ ይህ ሊነሣላቸው ይገባል። ስሟን ግን «የኢየሱስ ሚስት ወንጌል» አሏት፤ ዜናው ባንድ ቀን ዓለምን አዳረሰ። የቁራጯ ባለቤት ስሜ እንዳይገለጥ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ ተፈቀደለት።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከዚህ ፈቃድ ነው። የጥንት ክርስትናን የአፖክሪፋ ጽሑፎች በሚያጠኑ ምሁራን ዘንድ አንድ ልማድ ሥር ሰድዷል። አዲስ ጽሑፍ ሲመጣ በመጀመሪያ ቀለሙ ይመረመራል፣ ቁሱ ወደ ቤተ ሙከራ ይላካል፣ ሰዋስዉ ይተነተናል፤ «ይህ ነገር እስከ ዛሬ የት ነበር? ከማን እጅ ወደ ማን እጅ አለፈ?» የሚለው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ጽሑፉ ራሱ ይናገራል፣ የባለቤትነቱ ጉዳይ የነጋዴዎች ጣጣ ነው የሚል አስተሳሰብ አለ። ይህ አስተሳሰብ ምሁራንን ለአጭበርባሪ አሳልፎ የሚሰጥ ነው።

በዚያች ቁራጭ ላይ የሆነውን እንመልከት። ለሃርቫርድ የነገረ መለኮት መጽሔት ጥናቱን ካነበቡት ሦስት ገምጋሚዎች ሁለቱ ገና ከጅምሩ ጥርጣሬያቸውን ገልጸው ነበር። መጽሔቱ ጥናቱን በ2014 ከምርመራ ውጤት ጋር አወጣው። የካርበን ምርመራው ፓፒረሱ የሰባተኛው ወይም የስምንተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው አለ፤ ቀለሙም ከጥላሸት ከሚሠራው ከጥንቱ ቀለም ጋር የሚስማማ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ጋዜጦች ይህን ሰምተው «ፎርጅድ አይደለም» ብለው ጻፉ። ነገር ግን ያረጀ ባዶ ፓፒረስ በጥንታዊ ዕቃዎች ገበያ ላይ ይሸጣል። ከጥላሸት ቀለም መበጥበጥ ደግሞ የአገራችን ቁም ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ የሚያውቁት ጥበብ ነው፤ ምስጢር የለውም። ቤተ ሙከራው ፓፒረሱ ማርጀቱን ነገረን፤ ጽሑፉ መቼ እንደ ተጻፈ ግን አልነገረንም።

እውነቱን ያወጡት ሌሎች ናቸው። የዱራም ዩኒቨርሲቲው ፍራንሲስ ዋትሰን ቁራጯ ይፋ በሆነች በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ጽሑፉ ከቶማስ ወንጌል እየተቆራረጠ የተገጣጠመ መሆኑን አሳዩ። አንድሩ በርንሃርድ ደግሞ ከዚያ አልፈው፣ ጽሑፉ ኢንተርኔት ላይ ከተለቀቀ የቶማስ ወንጌል ቅጂ መወሰዱን የሚያመለክት ማስረጃ አገኙ፤ በዚያ ቅጂ ውስጥ በስሕተት የተዘለለች አንዲት ፊደል በፓፒረሷም ላይ ተዘልላለች። በ2014 ክርስቲያን አስክላንድ የመጨረሻውን ጨመሩ። ከዚያው ባለቤት እጅ የመጣ የዮሐንስ ወንጌል ቁራጭ አብሮ ተመርምሮ ነበር። መስመሮቹ የሚያልቁባቸው ቦታዎች በ1924 ከታተመ አንድ የቅብጥ ዮሐንስ ወንጌል እትም ጋር፣ አንድ መስመር እየዘለሉ ልክ ይገጥማሉ። የተጻፈበትም ዘዬ፣ ፓፒረሱ ተሠራ ከተባለበት ዘመን አስቀድሞ ከጽሑፍ የጠፋ ነው። የሁለቱም ቁራጮች የእጅ ጽሕፈት አንድ ነው። አንዱ ከወደቀ ሌላውም ወደቀ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የሚከተለው ነው። በ2016 ጋዜጠኛው አሪኤል ሳባር «ዘ አትላንቲክ» መጽሔት ላይ የባለቤቱን ማንነት ይዞ ወጣ። ሰውየው ፍሎሪዳ የሚኖር፣ በርሊን ውስጥ የጥንታዊት ግብፅን ታሪክና ቋንቋ የተማረ ሰው ነበር። ሳባር የባለቤትነቱን ሰነዶች ተከታትሎ፣ ሰዎች ጠይቆ፣ በሰነዶቹ የተጠቀሱትን ታሪኮች አጣራ። ፕሮፌሰር ኪንግ ያን ካነበቡ በኋላ ማስረጃው ወደ ፎርጅድነት እንደሚያደላ ተናገሩ። ሥራው ቅብጥኛ ማወቅን አልጠየቀም። መጠየቅን ብቻ ጠየቀ፤ ይህንንም በ2012፣ ጉባኤው ከመጠራቱ በፊት ማድረግ ይቻል ነበር።

«የተገኘበት ያልታወቀውን ሁሉ ብንጥል የጥንት ክርስትና ታሪክ ግማሹ ይጎድላል» የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ክብደት አለው። የማርያም ወንጌል የሚገኝበት ጥንታዊ መጽሐፍ በ1896 ካይሮ ላይ የተገዛ ነው። የሙት ባሕር ጥቅልሎችም መጀመሪያ በነጋዴዎች እጅ አልፈዋል። ነገር ግን እነዚህ ብቻቸውን አልቆሙም። የማርያም ወንጌል የግሪክ ቁራጮች በሌላ በኩል ተገኝተው መሰከሩለት። ጥቅልሎቹ ወደ ተገኙበት የቁምራን ዋሻም በ1949 የሥነ ቁፋሮ ባለሙያዎች ገብተው የእነዚያኑ ጥቅልሎች ብጥስጣሾች ከመሬቱ አወጡ። ከገበያ የመጣ ጽሑፍ ሌላ ምስክር እስኪያገኝ ድረስ ተጠርጣሪ ነው፤ እኔ የምለው ይህን ብቻ ነው። ምስክር ሳይጠብቁ የገዙ ሰዎች የደረሰባቸውንም አይተናል፦ ዋሽንግተን የሚገኘው የመጽሐፍ ቅዱስ ሙዚየም የሙት ባሕር ጥቅልል ቁራጮች ብሎ የያዛቸው 16ቱም ሐሰተኛ መሆናቸው በ2020 ይፋ ሆነ።

የጥንቶቹ ክርስቲያኖች ራሳቸው ከዚህ የተሻለ ሠርተዋል። በ200 ዓ.ም. አካባቢ የአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ ሰራፕዮን፣ የሮሶስ ምእመናን የጴጥሮስ ወንጌል የሚባለውን እንዲያነቡ መጽሐፉን ሳያነቡ ፈቅደው ነበር። ጭምጭምታ ሲሰሙ ግን መጽሐፉን ከሚጠቀሙበት ሰዎች ተውሰው አነበቡት፣ ከእነማን እንደ መጣ መረመሩ፣ ፈቃዳቸውንም ሻሩ። በሐዋርያት ስም የተጻፈ ነገር ከአባቶች ሲወርድ ሲዋረድ ካልመጣ አንቀበልም ነበር አቋማቸው። የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያኖስ እንደሚነግረን ደግሞ፣ የጳውሎስን ገድል የጻፈው የእስያ ቄስ ለጳውሎስ ካለኝ ፍቅር ነው ቢልም ከሹመቱ ተነሥቷል። በሰው ስም መጻፍ ያኔ እንደ ነውር አይታይም ነበር የሚሉ ምሁራን እነዚህን ሁለት ታሪኮች ደግመው ቢያነቡ ደግ ነው።

ይህ ጉዳይ እኛን በቀጥታ ይነካናል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉውን የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ ቁምራን ውስጥ የተገኙት የአራማይክ ቁራጮቹ በ1976 ታትመው ጥንታዊነቱን አጽንተዋል። በሐዋርያት ስም የተጻፈው የሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መልእክትም ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በግእዝ ነው፤ የጴጥሮስ ራእይም ከየትኛውም ቋንቋ ይልቅ በግእዝ ተሟልቶ ይገኛል። ብራናዎቻችን ስለ ራሳቸው ይናገራሉ፦ ማን እንዳስጻፋቸው፣ ለየትኛው ደብር እንደ ተሰጡ ይጽፋሉ፣ የሰረቃቸውንና የፋቃቸውን ያወግዛሉ። የካረን ኪንግ ቁራጭ ያልነበራት ይህ ነው። ዛሬ ግን ከአብያተ ክርስቲያናት የሚሰረቁ ብራናዎች ቅጠል ቅጠሉ እየተገነጠለ፣ የባለቤቱ ስም እየተፋቀ ለገበያ ይቀርባል። በተፋቀው ስም ፋንታ ነገ አንድ አጭበርባሪ የፈለገውን ታሪክ ቢጽፍበት የሚከለክለው የለም።

ስለዚህ የዩኒቨርሲቲ መምህራን፣ የሊቃውንት ጉባኤ አባላት፣ የመጽሔት አዘጋጆች፦ አዲስ ጥንታዊ ጽሑፍ ይዞ የመጣ ሰው የት እንዳገኘው በስምና በሰነድ ሳያስረዳ አታትሙለት፣ መድረክም አትስጡት። ባለቤቱ ስሜ አይጠራ ካለ፣ ጽሑፉም ስሙ አይጠራ።